ለሙሉመቤት የተከደነች ጎጆ

“ከክፈፉ ጀምር! ቤት ከመሐል ይከደናል እንዴ?”

አቶ ፈንታ ከታች ሆነው የጓሳ ሣር እስሩን ወደ ላይ ወረወሩ። ልጃቸው አንዷለም በግራ እጁ ማገሩን እንደያዘ በቀኙ ቀለበው። የጥቅምት ፀሐይ ወጥታለች፤ የሌሊቱ ውርጭ ግን ሣሩን ገና አልለቀቀውም። ጣቶቹ ደንዝዘዋል።

“እጄ እኮ በረዶ ሆነ፣ አባባ።”

“ሥራ ያሞቅሃል።”

አቶ ፈንታ ሌላ እስር ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ሳል ያዛቸው። ግድግዳውን ተደገፉ። ከጎጆዋ ጀርባ ጭቃ ሲረግጡ የነበሩት ሚስታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ባሉበት ቀጥ አሉ። እግራቸው ጭቃው ውስጥ እንደተነከረ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቁ። ሲያልፍ አማተቡና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንዷለም ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ አየ።

አንዷለም መሐል ሜዳ ከተማ ጎማ ቤት ነው የሚሠራው። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ዘመሮ አጠገብ ወዳለው የወላጆቹ ቤት ይመጣና ክረምቱ ያበላሸውን ይጠግናል፤ ያፈሰሰውን ይከድናል፣ የተናደውን ካብ ይመልሳል፣ ቦዩን ይጠርጋል። ዘንድሮም አባቱ በጎረቤት ሞባይል “ጓሳው ታጭዷል፤ ቶሎ ና” ብለው ሲያስደውሉለት ለቤታቸው ጣሪያ መስሎት ነበር። ቤቱም በእውነት አርጅቷል፤ በሰሜን በኩል ክዳኑ ሳስቶ ሰማይ ያሳያል። ትናንት ደርሶ መሰላሉን ሲያነሣ ግን አባቱ እጁን ያዙት።

“ሣሩ ለዚህ ቤት አይደለም” አሉት። “ለእናትህ ነው። ልትመነኩስ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሰንላታል፤ ውስጡ ተመርጎ ደርቋል። ክዳኑና የውጭ ምርጊቱ ነው የቀረው።”

“ምን ሆናችሁ? ተጣላችሁ?”

“ምን ያጣላናል?” ብለው አባቱ መሰላሉን ተቀብለውት ወጡ።

አሁን የመጨረሻዋን እስር ጉልላቱ ላይ አስሮ ሲወርድ አንዷለም በንዴት ጥርሱን ነክሶ ነበር። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች! አባቱ ባለፈው ዓመት ከሞት ተርፈው ገና ጉልበታቸው እንኳ ሳይመለስ፣ እናቱ ጥለዋቸው ሊሄዱ። እሱ ደግሞ ለዚሁ ጎጆዋን እየከደነ!

እናቱ ወዳሉበት ሄደና ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ጭድ በተኑለት፤ እሱ ረገጠ።

“ለምንድን ነው የምትተያቸው?” አለ ሳያያቸው። “ሰው እርጅና ሲመጣበት ነው ሰው የሚፈልገው። ማን ውኃ ሊያቀብላቸው ነው?”

ወይዘሮ ሙሉመቤት በሁለት እጃቸው ጭቃ አፈሱና ግድግዳው ላይ ለጠፉ። በመዳፋቸው አለሰለሱት። እንደገና አፈሱ።

“እማዬ፣ እየጠየቅኩሽ እኮ ነው።”

“አባትህ አይስሙ” አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ማልልኝ።”

“ምኑን?”

“ማልልኝ ስልህ!”

“በማርያም። አልነግራቸውም።”

“አምና በኅዳር ደብረ ብርሃን ሳለን፣ ሐኪሙ ‘እንግዲህ በእግዜር እጅ ነው’ ያለህ ቀን ትዝ ይልሃል? አንተ ውጭ ወጥተህ አለቀስክ። እኔ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። ‘እመብርሃን፣ ባሌን ማሪልኝ፤ እሱን ካተረፍሽልኝ ቆብ ደፍቼ ቀሪ ዘመኔን ላንቺ እሰጣለሁ’ አልኩ። በማግስቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ሾርባ ጠየቁኝ።”

አንዷለም እግሩን ከጭቃው ሳያወጣ ቆመ።

“ትዳሬን ጠልቼ መሰለህ?” አሉ እናቱ፤ አሁንም ግድግዳውን እያለሰለሱ። “ሲድሩኝ ልጅ ነበርኩ። አባትህ ናቸው ያሳደጉኝ ብልህ አላጋነንኩም። ምን ልስጥ? ከብቱ የሳቸው፣ መሬቱ የሳቸው። የኔ የምለው ከሳቸው ጋር መኖሬን ነበር። እሱን ሰጠሁ።”

“ለምን ለራሳቸው አትነግሪያቸውም?”

“ከነገርኳቸው አይፈቅዱማ! መምሬ ደግሞ ባል ካልፈቀደ ምንኩስናው አይሆንም ብለውኛል፤ ቃሌንም እንፈታልሻለን ብለዋል። ቃሉን ማን ሊፈታው ነው ልጄ? ሰጥታኝ ስታበቃ፣ ‘ባሌ ስላልፈቀደ’ ልበላት?” የያዙትን ጭቃ ግድግዳው ላይ መትተው ለጠፉ። “ዛሬ ከሰዓት መምሬ መጥተው አባትህን በፊቴ ይጠይቋቸዋል። እሺ ካሉ እስከ እሑድ እዚህ ሱባኤ እገባለሁ። እሑድ ቆቡን እቀበላለሁ።”

አንዷለም እግሩን ተለቃለቀና አባቱ ወዳሉበት ዞረ። አቶ ፈንታ የክረምቱ ጎርፍ ጎጆዋን እንዳያገኛት በላይ በኩል ቦይ እየቆፈሩ ነበር። ጥቂት ቆፍረው ያርፋሉ፤ አርፈው ይቆፍራሉ። ዶማውን ተቀበላቸው።

ለእናቱ ምሏል። ግን ምንም ሳይናገር መቆየትም አልቻለም።

“አባባ፣ መምሬ ሲመጡ እምቢ ይበሉ።”

“ምን?”

“እምቢ ይበሉ። እርስዎ ካልፈቀዱ አትሄድም።”

አቶ ፈንታ የአፈሩ ቁልል ላይ ተቀመጡ። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

“ነገረችህ?”

አንዷለም አንገቱን ደፋ።

“ሰምቻታለሁ” አሉ አባቱ። “ያን ዕለት የተኛሁ መስሏችሁ ነበር። ዓይኔን መግለጥ ነው ያቃተኝ እንጂ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። ‘ተይ፣ አንቺ ሴት፣ ይህንስ አትበይ’ ልላት ፈለግሁ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።”

“ታዲያ ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉ?”

“ትረሳዋለች ብዬ። እህል ሲገባ፣ በግ ሲወልድ፣ በሥራ ብዛት ትረሳዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ለመናገር ስትፈራ ከረመች። አንተ እዚህ አትኖር፤ አላየሃት። በሳልኩ ቁጥር ከእንቅልፏ ተነሥታ አፍንጫዬ ሥር እጇን ታደርጋለች። መተንፈሴን ታያለች። ብርድ መታኝ ካልኩ እህል አይወርድላትም። ቃሏን ስላላደረሰች እመቤታችን መልሳ የምትወስደኝ ይመስላታል።”

“መምሬ እኮ ቃሉን ይፈቱላታል!”

“አፏን ይፈቱታል። ልቧንስ? እኔ መቼም መሞቴ አይቀርም። ዛሬ ከልክዬ አስቀርቻት ነገ ብሞት፣ ‘እኔ ነኝ የገደልኩት’ ብላ ነው ቀሪ ዘመኗን የምትኖረው።” አፈር በእጃቸው ዘግነው መልሰው በተኑት። “ለእኔ ብላ ገብታበታለች። እኔ ደግሞ ለራሴ ብዬ እዚያው ላስቀራት?”

አንዷለም ዶማውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው። ሊያለቅስ ነበር፤ አባቱ እያዩት ስለሆነ ዋጠው።

“መስማቴን እንዳትነግራት” አሉ አቶ ፈንታ ለመነሣት እጃቸውን እየዘረጉለት። “እያወቅሁ እንዳስጠበቅኋት ካወቀች ታዝንብኛለች።”

ከሰዓት በኋላ መምሬ ገብረየሱስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። የሁለቱም የንስሐ አባት ናቸው። ጎጆዋን ዞረው አዩ፤ ክዳኑን አመሰገኑ፤ ከዚያም ባልና ሚስቱን በር ላይ አቆሟቸው።

“ፈንታ፣ ነገሩ ባንተ ቃል ላይ ቆሟል” አሉ። “ሙሉመቤት መመንኮስ ትሻለች። አንተ ሕጋዊ ባሏ ነህ። አይሆንም ብትል ማንም አይወቅስህም፤ እሷም ኃጢአት አይሆንባትም። በይሉኝታ እንዳትናገር። ከልብህ ንገረኝ።”

ወይዘሮ ሙሉመቤት የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጭቃው ክንዳቸው ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዷለም የእናቱን ፊት አየ። እንዲፈቅዱላቸው ይሁን እንዲከለክሏቸው ነው የሚለምኑት? ሊለይ አልቻለም። ምናልባት እሳቸውም አልለዩት ይሆናል።

“ፈቅጃለሁ” አሉ አቶ ፈንታ።

“ከልብህ?”

“ከልቤ ነው መምሬ። ለነፍሷ የሚበጃትን መርጣለች። እኔን ይማረኝ።”

መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟቸው፤ ጸሎት አደረሱና ወደ ደጀ ሰላሙ ሄዱ። አቶ ፈንታ ከቤት ያመጡትን የመኝታ ቁርበት ተሸክመው ወደ ጎጆዋ ገቡ። ሲያነጥፉት፣ ጫፍና ጫፉን ሲጎትቱት፣ እንደገና አንሥተው ሲያስተካክሉት በበሩ ይታይ ነበር። ብዙ ቆዩ። ከዚያም ወጥተው ከበሩ ጎን ቆሙና ሁለት እጃቸውን አጣምረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ይግቡ፣ እማሆይ” አሉ።

ከተጋቡ ጀምሮ “አንቺ” ነበር የሚሏቸው። “ሙሌ” ነበር የሚሏቸው። ወይዘሮ ሙሉመቤት ይህን ሲሰሙ እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ አሉ።

“ገና ነኝ እኮ” አሉ በቀጭን ድምፅ። “እሑድ ነው። እስከ እሑድ እንኳ ሙሌ ይበሉኝ።”

“ካሁኑ ልልመደው ብዬ ነው።”

ወይዘሮ ሙሉመቤት ጎንበስ ብለው የባላቸውን ጉልበት ሳሙ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ ገቡ። በሩ ገና ሳንቃ አልተገጠመለትም፤ ለጊዜው በሰሌን ነው የተጋረደው። ሰሌኑን ከውስጥ ሳቡት።

አባትና ልጅ ቁልቁለቱን ወረዱ። አንዷለም የተረፈውን ጭቃ በባልዲ ይዟል፤ አቶ ፈንታ ዶማውን። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች “እንዴት ዋላችሁ” ሲሏቸው አቶ ፈንታ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ፤ ያልፋሉ። ቤት ሲደርሱ እሳቱ ጠፍቷል። አንዷለም ለኮሰው። እናቱ አስቀምጠውት የሄዱትን ቆሎ አቀረበ፤ አባቱ ዘገን አድርገው በእጃቸው ያዙት እንጂ አልበሉም።

በሳሳው ክዳን የገባው የክረምት ዝናብ ወላጆቹ የሚተኙበትን የጭቃ መደብ አበላሽቶታል። ጠርዙ ተፈርፍሯል፤ በግድግዳው በኩል ደግሞ ድንጋዩ እስኪታይ ታጥቦ ሄዷል። አንዷለም ምንጣፉን ገለጠ። ባልዲውን አስጠጋና የውጪውን ጠርዝ መምረግ ጀመረ። አባቱ ከእሳቱ ዳር ሆነው ያዩታል።

“የኔን በኩል ብቻ አድርገው” አሉ። “በግድግዳው በኩል ያለውን ተወው።”

“ለምን?”

“ማን ሊተኛበት?”

የአንዷለም እጅ ጭቃ እንደያዘ ቆመ። የጎማ ቤቱ ባለቤት “ነገ ከሰዓት ካልገባህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ” ብሎታል፤ የሚቀጥር ሰውም ነው። ጥዋት ዘመሮ ወርዶ የመጀመሪያዋን ሚኒባስ መያዝ ነበረበት። አባቱን አየ። ቆሎው በመዳፋቸው ላይ እንዳለ ነው።

ተንበርክኮ ክንዱን ዘረጋና ጭቃውን በግድግዳው በኩል ለጠፈው።

“እኔ እተኛበታለሁ” አለ።

“እስኪደርቅ እኮ ሰንበት ያልፋል።”

“ይለፍ” አለና ሌላ ጭቃ አፈሰ።