ከሰንታራ ምድጃ ሥር

ሰንታራ ምድጃዋን ልታሰፋ ስትቆፍር የሰው አጥንት ወጣ። መንደሩ የተቀመጠበት ጉብታ ድሮም በነኩት ቁጥር ገል የሚተፋ የጥንት ከተማ ነው፤ የመንግሥት የቅርስ ቆፋሪዎችም ከግርጌው ድንኳን ተክለዋል። መንደርተኛው ግን ጥንቱ ትዝ አላለውም። የሰንታራ ባል ጂሌ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ ዴልሂ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁም አልተሰማም።

"ወንድሜ ተገኘ" አለ የባሏ ታላቅ ወንድም ራጅቢር። ቤቱን ሲመኝ ኖሯል፤ እንባው ወዲያው መጣለት።

ሽማግሌዎች ከኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። በመንደሩ ወግ ሴት በባሏ ታላቅ ወንድም ፊት ትከናነባለች እንጂ አትናገርም፤ ራጅቢርም ይህን አውቆ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ገደልሽው ወይስ አልገደልሽውም?" አሏት ሽማግሌው ሁከም።

ከሻሿ ሥር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም።

"ዝምታ ማመን ነው" አለ ራጅቢር። "ባሏን አንጥፋ ቂጣ ስትጋግርበት ኖረች።"

ሰው ሳቀ። ቤቱን ለራጅቢር ፈረዱለት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሰንታራ ወደ ድንኳኑ ሮጣ ከቆፋሪዎቹ አለቃ ከዶክተር ኬትካር እግር ላይ ወደቀች። "እመቤቴ፣ እርስዎ ይናገሩልኝ። እኔ እሱ ባለበት አልችልም።"

ዶክተሯ መጥታ አጥንቱን በብሩሽ ጠረገች፤ ዳሌውን አየች፣ ክንዱ ላይ ያሉትን የዛጎል አምባሮች አየች። "ይቺ ሴት ናት" አለቻቸው። "ከተቀበረች አራት ሺህ ዓመት አልፏታል።"

ሰንታራ በደስታ ተከናንባ አለቀሰች።

ሁከም ጢማቸውን አሻሹ። "እሺ፣ ይቺ የጥንት ሴትዮ ናት። ታዲያ ጂሌ የት አለ?"

"ጠለቅ አድርጋ ቀብራው ይሆናላ" አለ ራጅቢር።

ሰንታራ ዶክተሯን በልመና አየቻት። ዶክተሯ ግን ዓይኗ ከጉድጓዱ አልተነቀለም፤ ከአፅሙ ጎን የማሰሮ አፍ ብቅ ብሏል። ከቤቶቹ ሥር እንዳትቆፍር መንደሩ ለዓመታት ከልክሏት ነበር።

"እውነቱ እንዲታወቅ ከሆነ መቆፈር ነው" አለች በለሰለሰ ድምፅ። "ሠራተኞቼ አሉ።"

ምድጃው ፈረሰ፣ ግድግዳው ተከተለ፣ ጣሪያው ወረደ። ማሰሮ ወጣ፣ ዶቃ ወጣ፣ የጥንት የጡብ ግንብ ወጣ። ጂሌ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ፍትሕ አያጓድሉምና ሰንታራን ነጻ ናት አሉ፤ በጉድጓዱ አፍ አቁመው "በይ፣ ቤትሽን ተረከቢ" አሏት።