የጥገኛ ወሊድ

ዶይል ኬስለር የሚኮራባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። መኪናው አሮጌ ነው፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ጸጉሩም ከከዳው ቆይቷል። ስለ ኢንሹራንሱ ሲያወራ ግን ደረቱ ይነፋል። በዚያች ኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለች የመስታወት ፋብሪካ ከተማ፣ ሰው ልጁን ሲድር እንኳ ስለ አማቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደህና ኢንሹራንስ አለው ወይ?» ብሎ ነው፤ ጠባዩ ኋላ ይደረስበታል። ለዶይል ደግሞ ደህናውን ኢንሹራንስ ማንም በስጦታ አልሰጠውም። አድማ መትቶ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ፋብሪካው በር ላይ የበርሜል እሳት እየሞቀ ያመጣው ነው።

ብሬና የዚህ ሰው አንድ ልጅ ናት። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች አዲሱ የኢንሹራንስ ካርድ በፖስታ መጣ። ከላይ የአባቷ ስም፣ ከሥሩ የእሷ፣ ከስሟ ጎን ደግሞ «ጥገኛ» የሚል ቃል ነበረበት።

«አባዬ፣ ጥገኛ ምንድን ነው?»

«ማቀዝቀዣዬን እየከፈተች የምታራቁት ትንሽ ፍጥረት ናት» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ጥገኛዬ ሆነ። እናቷ የተቀበረች ዕለት እንኳ፣ ሰው ሁሉ ቃል ጠፍቶት ዙሪያዋን ሲቆም፣ «ነይ ጥገኛዬ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» ብሎ እጇን የያዛት እሱ ነው። አሁን አድጋ የውሻ ጸጉር በሚታጠብበትና በሚስተካከልበት ሱቅ ትሠራለች። ሱቁ ለሠራተኛ ኢንሹራንስ የለውም፤ ሕጉ ግን ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላው በወላጁ ካርድ ይታከም ስለሚል ብሬናም እዚያው ካርድ ላይ አለች። ያስረገዛት ልጅ ሰሜን ዳኮታ የነዳጅ ቁፋሮ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደና ስልኩም አብሮት ጠፋ። ዶይል ይህን ሲሰማ ብዙ አልተናደደም።

«ይሂድ» አለ። «እኛ ኢንሹራንስ አለን።»

እውነትም ነበራቸው። ብሬና ለእርግዝና ክትትል በሄደች ቁጥር ካርዱን ታሳያለች፣ ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ትመልስላታለች፣ ሌላ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ሆዷ ገፍቶ ውሻ ለማቀፍ ማስቸገር ሲጀምር ነው አንድ ተራ ነገር ልትጠይቅ ኢንሹራንሱ ጋ የደወለችው። የሥራ ባልደረባዋ የጡት ወተት ማለቢያ በነፃ ይሰጣሉ ብላት ነበር።

«አዎ፣ ማለቢያው በነፃ ነው» አለቻት አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት። «ካርዱ ላይ ዋናዋ አባል ነሽ ወይስ ጥገኛ?»

«ጥገኛ» አለች ብሬና፣ አባቷ ትዝ ብሏት ፈገግ እያለች።

ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ። «እሺ። እንግዲህ ክትትሉን እንሸፍናለን፣ ማለቢያውንም እንልካለን። ወሊዱን ግን ለጥገኛ አንሸፍንም።»

«እንዴት ማለት?»

«አባሏ ራሷ ወይም የአባሉ ሚስት ስትወልድ ይሸፈናል። የአባሉ ልጅ ስትወልድ አይሸፈንም።»

«እና እርግዝናዬ ይሸፈናል፣ መውለዴ አይሸፈንም?»

«በትክክል!» አለች ሴትዮዋ፣ የሚገባው ተማሪ እንዳገኘች አስተማሪ ደስ ብሏት። «ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ?»

ምን ሌላ ነገር ይኖራል? እስከ ማዋለጃ ክፍሉ በር ድረስ ሸኝቶ፣ በሩ ሲከፈት ዞር የሚል ወዳጅ ማለት ይህ ነው። ብሬና ስልኩን ዘጋችና ገንዳ ውስጥ የሚንቀጠቀጠውን እርጥብ ውሻ አየችው። በማግስቱ የመንግሥትን የድሆች ሕክምና ሽፋን ጠየቀች፤ እነሱ ደግሞ ደመወዟን አይተው «በዝቷል» አሏት። ባገኘችው ደመወዝ በዝቷል ስትባል ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

ለአባቷ ልትነግረው ነበር። ከሥራ ስትመለስ ሁለት ጉልበቱ ላይ በረዶ የቋጠሩ ፎጣዎች ጭኖ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዕድሜውን ሙሉ የመስታወት ማቅለጫው ምድጃ ፊት ቆሞ ነው የኖረው፤ ሐኪሙም ተው፣ በቃህ ብሎታል። የልጅ ልጁ ሲወለድ ሥራውን ሊያቆም ቆርጧል።

«ማለቢያውስ?» አላት።

«ይልካሉ።»

«አየሽ? ሰው ሊታለብ ሲል እንኳ የሚያስብለት ደህና ኢንሹራንስ ሲኖረው ነው!» ብሎ ሳቀ። «የሕፃኑን ጋሪ ደግሞ እኔ ነኝ የምገፋው። ቀኑን ሙሉ፣ ቀስ እያልኩ።»

ብሬና ፎጣዎቹን አይታ አፏን ዘጋች። አባቷን ታውቀዋለች። ለጡረታው ያስቀመጣትን ሁሉ ለሆስፒታሉ አስረክቦ ወደ ምድጃው ይመለሳል፤ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስም አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስለዚህ ፍርሃቷን ለብቻዋ ይዛ ኖረች። ሴቶች ቤታቸው፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲወልዱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ታይ ጀመር። ፎጣ ገዛች፣ ላስቲክ ገዛች። ውሾቹን እያጠበች የገንዳውን ስፋት በዓይኗ ትለካለች፤ ከዚያ የምትለካው ምን እንደሆነ ይገባትና ፊቷን ታዞራለች።

እግሯ ሲያብጥ «ቆሜ ስለምውል ነው» አለች። የእናቷ ቀለበት ከጣቷ አልወጣ ሲላት «ወፍሬ ነው» አለች። ቀጥሎ ራሷን ያማት ጀመር፣ ከዓይኗ ጀርባ ተተክሎ የማይነቀል ሕመም። የክትትል ነርሷ «ራስሽን ካመመሽ ሰዓት ሳትቆጥሪ ነይ» ብላ አስጠንቅቃት ነበር። ብሬና ግን አንዴ አልጋ ላይ ካስተኙኝ ምጡ እዚያው ይይዘኛል ብላ ፈራች፣ የክትትል ቀጠሮዋንም ሆን ብላ አሳለፈችው። ሆስፒታሉን ከሕመሙ ይልቅ ፈራችው። ማታ ማታ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ልጁ እስኪራገጥ ትጠብቃለች፤ ሲራገጥ ታለቅሳለች፣ ሲዘገይባት ደግሞ ትንፋሿ ይቆማል።

አንድ ጠዋት ለአባቷ ቡና ስትቀዳለት ከኩባያው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው።

«ጥገኛዬ፣ ኩባያው እኮ እዚህ ነው ያለው።»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተሽው ነው? ጠረጴዛው ጠማኝ አለሽ እንዴ?»

ሳቅ ብላ ቀና አለች። የአባቷ ፊት ግማሹ የለም። በቦታው የብርሃን ፍንጣሪ ይርገበገባል። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች፤ ግማሹ ፊት አሁንም የለም።

«አባዬ» አለች፣ ድምጿ ተለውጦ፣ «አንተን ማየት አቃተኝ።»

ዶይል የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «ተነሺ።»

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አይሸፍንም አባዬ። ደውዬ ጠይቄያለሁ። ወሊዱን አይሸፍኑም።»

«የማንን ወሊድ ነው የማይሸፍኑት?»

«የጥገኛ።»

ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ የበርሜል እሳት የዶይል ፊት ላይ ሲያልፍ ታየ። ከዚያ በሕይወቱ ጮሆባት የማያውቀው ሰው «ተነሺ ብዬሻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

መኪናው ውስጥ የካርዱን ቁጥር ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። ያቺ ድምፀ ለስላሳ ሴት ትሁን ወይም እህቷ አይታወቅም።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የጥገኛ ወሊድ ስለሆነ...»

«ጥገኛ አትበያት!» አለ ዶይል። «ልጄ ናት! ራሷን እያመማት ነው፣ ዓይኗም አያይም!»

«ውይ፣ እንዲያ ከሆነማ ሌላ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሐኪሙ በድንገተኛ ቀዶ ጥገና ካዋለዳት እንሸፍናለን። በራሷ ከወለደች ነው የማንሸፍነው።»

«ቆይ እስኪ። ደህና ከሆነች አትከፍሉም፣ ከተቀደደች ትከፍላላችሁ?»

«እኔ እንደዚያ አልለውም ጌታዬ።»

«ምን ትይዋለሽ ታዲያ?»

ዶይል ስልኩን ዘጋው። ነዳጁን ረግጦ ወደ ሆስፒታሉ ነዳ። ብሬና ልቧ ውስጥ የተሰማትን ነገር ለማንም አልተናገረችም፤ ደስ ብሏት ነበር። «እንዲያው ያማኝ እንጂ፣ ይባስብኝ እንጂ» ስትል ራሷን ሰማችው፣ ሰምታም ደነገጠች። ልጇ የተኛበት ሆድ ነው እንዲቀደድ የለመነችው።

ሐኪሟ፣ ዶክተር ሃልቨርሰን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ረጅም ሴት ናት። የደም ግፊቱን ራሷ ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ደሟንም አስመረመረች።

«እስካሁን የት ነበርሽ?» አለቻት። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ይሄ የእርግዝና ደም ግፊት እናት የሚገድል ነገር ነው። ልጅም ይገድላል። አሁን በደም ሥርሽ መድኃኒት እንሰጥሻለን፤ ያቃጥልሻል፣ ቻይው። ግፊቱ ወርዶ ራስ ምታቱ ከለቀቀሽ፣ ምጡን እናስጀምርና በራስሽ ትወልጃለሽ። ካልለቀቀሽ ዛሬውኑ ቀድጄ አወጣዋለሁ። ደምሽ ግን በደንብ አይረጋም። ቢላ የማነሣው የግድ ከሆነብኝ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ደሙን ማቆም ሊያቅተኝ ይችላል።»

መድኃኒቱ ሲገባ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ቅሏ ነደደች። ከአልጋው በላይ ያለው መሣሪያ የግፊቷን ቁጥር ያሳያል። አባትና ልጅ ቁጥሩን ሲያዩ፣ የትኛው ቡድን እንዲያሸንፍለት እንደሚፈልግ የጠፋው ደጋፊ መሰሉ። ቁጥሩ ሲወርድ ዶይል «ተመስገን» ይላል፣ ወዲያው ፊቱ ይጠቁራል፣ በመጥቆሩ ደግሞ አፍሮ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ቀስ በቀስ ከዓይኗ ጀርባ ያለው ሕመም ተነቀለ። ብልጭታው ከሰመ። የአባቷ ፊት ሁለቱም ግማሽ ተመለሰላት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እያደረገው እንደሆነ ሳያውቅ፣ ጉልበቱን ያሻል።

ያንን እጅ እያየች ሳለ ዶክተሯ ገባች።

«ግፊቱ ጥሩ ወርዷል። ራስ ምታቱስ?»

ብሬና ጆሮዋን ነካ ነካ አደረገች። «አልለቀቀኝም» አለች። «እንዲያውም ብሶብኛል። አሁንም አይታየኝም።»

የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። ወደ ነርሷ ዞራ «ቀዶ ጥገና ክፍሉን ያዘጋጁ፣ ደም ይምጣ» አለች። ነርሷ ወደ በሩ ሄደች። ብሬና አባቷን አየችው። ዶይል ጆሮዋን እያየ ነበር። ከንፈሩ ተከፈተ፣ መልሶ ተዘጋ። ነርሷ በሩን ከፈተች።

«ትዋሻለች» አለ ዶይል።

«ምን አልክ?» አለች ዶክተሯ።

«አሁን አያማትም። ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት።»

ብሬና እጇን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ዶክተሯ አንዴ አባትየውን አንዴ ልጅቷን አየች። «ሰው ተሽሎት ሳለ አልተሻለኝም፣ ቅደዱኝ ብሎ ለምን ይዋሻል?»

በዚያ ሆስፒታል ያረጀችው ነርስ ገብቷታልና ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

«ኢንሹራንሳችን ደህና ሰው አይወድም» አለ ዶይል። «እርስዎ ተዉት ዶክተር። እንደ ማንኛዋም ሴት በራሷ ትውለድ። የቀረው የእኔ ነገር ነው።»

ዶክተሯ የብሬናን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ነካ አድርጋ፣ ምጡን የሚያስጀምረውን መድኃኒት አዘዘችና ወጣች።

«ለምን ነገርክብኝ?» አለች ብሬና ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ። «ጉልበትህ እኮ...»

«ጉልበቴን ተዪልኝ።»

«ምድጃው ፊት እንደገና...»

«ምድጃው ለምዶኛል» አለ ዶይል። ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበ፤ ፊቱን ግን ወደ እሷ አላዞረም። «ጥገኛዬ፣ እኔ ዝም ብዬ ነበር። ነርሷ በሩ ጋ እስክትደርስ ድረስ ዝም አልኩ። ውሸትሽን እያወቅኩ፣ ደምሽ እንደማይረጋ እየሰማሁ። አይተሽኛል?»

«አላየሁህም» አለች።

እጇ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ዶይል አየው። ያንን እጅ ከጆሮዋ ላይ አውርዶ በሁለቱ ሻካራ መዳፎቹ መካከል ያዘው። ቆይቶ የመጀመሪያው ምጥ መጣ፤ ከወገቧ ተነሥቶ ሆዷን እንደ ድንጋይ አደረገው። ብሬና ትንፋሿ ተቆራረጠ።

«አባዬ፣ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ። «ጥገኛዬ አይደለሽ እንዴ? ተጠጊኝ እንጂ።»

ተጠጋችው።