ሞተሩ ሳይሞቅ

ባሌ ዳምጤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች፣ ምላሱም ተመለሰ፤ ምላሱማ ጨምሮ ነው የተመለሰው! ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት። ይኸው ስምንት ወሩ።

ሰኞና ሐሙስ እግሩን ያሠራው የነበረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሰይፉ ይባላል፤ ትዕግሥቱን ለእኔ በሰጠኝ የሚያሰኝ ልጅ ነው። "ጋሼ ዳምጤ፣ ይሄ እግር የሚድነው ሲራመዱበት ብቻ ነው" አለው። "ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ከተቀመጡ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?"

"እንቁላሉን ስትሮክ አልያዘውማ" አለ ዳምጤ።

ከአራት ወር በፊት ደግሞ ሕክምናውንም ጭራሽ ተወ። ምክንያቱ ባጃጅ ነው። ባጃጅ በጠራሁ ቁጥር ሾፌሮቹ እጃቸውን በብብቱ ሰደው እንደ ጆንያ አንስተው ያስገቡታል። ክፋት የላቸውም፣ አክብረውት ነው። ግን ቡታጅራ ውስጥ ዳምጤን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ ግማሾቹን መሪ ያስጨበጣቸው እሱ ነው። "እነሱ ተሸክመውኝ ከምሄድ እዚሁ በስብሼ ልቅር" አለና ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ። ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ። አንጀቴን በላው። አናደደኝም! ለምን እዋሻለሁ፣ አንዳንድ ቀን በከዘራው ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

መኪና እንግዛ ያልኩት ለዚህ ነው። ደብል ጋቢና ፒካፕ፣ ያውም አጠር ያለችውን። ሰኞና ሐሙስ ዳምጤን ለሕክምና፣ አርብ የምሸጠውን ቆጮ ለገበያ፣ ቅዳሜ ቡኢ እናቴ ዘንድ። ከፊት ሰው ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ በጠባቧ መንገዳችንም ገብታ የምትወጣ። ልጃችን ሩቲም ከአዲስ አበባ ደውላ "እማ ግዢው፣ እኔም አለሁበት" አለችኝ። ግን ሰውዬው ከጓዳ ካልወጣ መኪናዋ ምን ልትሠራልኝ ነው?

እናም አንድ ተንኮል ሠራሁ። ማክሰኞ ምሳ ስንበላ "ደላላው ሙንታሲር አንዲት ነጭ ፒካፕ አግኝቶልኛል፤ የጎረቤታችን የኢስሀቅ ናት" አልኩት። "ቀለሟ እንዴት እንደሚያበራ ብታይ! ሐሙስ ልዋዋል ነው።"

የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። "ማን አያት?"

"ሙንታሲር ነዋ።"

"ሙንታሲር! ሙንታሲር እኮ የበግ ደላላ ነበር! ጥርሷን ቆጥሮ ነው ያየልሽ? አንቺ ሴትዮ፣ መኪና ነው ቀለም የምትገዢው? እዚህ ድረስ ያምጣትና ልያት!"

እሰይ! አልኩ በሆዴ።

ረቡዕ ከሰዓት ሙንታሲር ከነመኪናዋ መጥቶ በራችን ላይ ክላክሱን ለቀቀው። "ወላሂ እትዬ ወርቅውሃ፣ ሙሽራ ናት!" እያለ ወረደ።

ዳምጤ ከዘራውን ተደግፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ሙንታሲርን ሰላም እንኳ ሳይለው መኪናዋን ዞራት። ጎማዎቹን ዳበሰና "በአንድ በኩል አልቀዋል" አለ። የጭነት ሳጥኗ ጥግ ላይ ቀለሙን በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ ዝገት ፈለገ። ምንጣፏን ገልጦ እርጥበት አሸተተ። ድምፁ ሲወፍር፣ ትከሻው ቀና ሲል አየሁት። የድሮው ዳምጤ መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ልማዱ ከዳው። ዞሮ ዞሮ የሾፌሩ በር ጋ ሲደርስ በሩን በቀኝ እጁ ከፈተና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳደረገው፣ ግራ እጁን ወደ መሪው ሊሰድ ፈለገ። እጁ አልሄደም። ከጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዳምጤ እጁን አየው፣ መሪውን አየው።

ሙንታሲር መቼም አፉ አያርፍ፤ "ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እነዳልዎታለሁ! ኑ ልደግፍዎት" ብሎ እጁን በብብቱ ሰደደ።

የዳምጤ ፊት ጠቆረ። "በቃ አየኋት። ከፈለግሽ ግዢያት" አለኝና ወደ ቤት ዞረ።

አሁን ከገባ ዳግመኛ እንደማይወጣ አውቄዋለሁ።

"ቁልፉን ወዲህ በለው" አልኩት ሙንታሲርን። "የምነዳው እኔ ነኝ።"

ዳምጤ ቆመ። ከቦርሳዬ መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ አሳየሁት። ሦስት ወር ሙሉ የማኅበር ስብሰባ አለብኝ እያልኩ ማሰልጠኛ ስመላለስ ነበር፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ።

"አንቺ?" አለ። "መቼ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ እኔ ላስተምርሽ ትል ነበር። ብታስተምረኝ ደግሞ ይሄኔ ተፋትተን ነበር።"

ሙንታሲር ሳቀ። ዳምጤ አልሳቀም፣ ግን ወደ ቤቱም አልገባም። "ጋቢና ግባ" ስለው "የረዳት ቦታማ አልቀመጥም" ብሎ የኋላውን በር ከፈተ። ሙንታሲር ሊያግዘው ሲል እጅጌውን ጨምድጄ ያዝኩት። በሩ በቀኝ በኩል ነው፤ የዳምጤ ደህናው እጅ ከላይ ያለውን መያዣ አገኘ፣ ደህናው እግሩ ወጣ፣ ሌላው ተጎትቶ ተከተለ። ማንም ሳይነካው ገባ! ያየሁ አልመሰልኩም።

ሙንታሲር ከጎኔ ገባና የቡኢን መንገድ ይዘን ወጣን። ከኋላ ሮሮው ጀመረ። "ይሄ ወንበር ምነው ቀጥ አለ፣ ፍርድ ቤት የቀረብኩ መሰለኝ! ጉልበቴ አገጬን ሊመታው ነው።" መኪናዋ ነጠር ነጠር ስትል ግን ራሱ ጠበቃ ቆመላት። "ባዶዋን ስለሆነች ነው። ከሥር ያለው ሞላ፣ ባሌስትራዋ፣ ለጭነት የተሠራ ነው፤ ሁለት ጆንያ ቆጮ ስትጭኚባት ትረጋለች።"

አንዲት ዳገት መሐል ፊታችን ያለው ጋሪ ቆመ። እኔም ቆምኩ፣ ሞተሩም ጠፋ። ከኋላችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ክላክሱን ያንባርቀው ጀመር። ላብ አጠመቀኝ። ሙንታሲር "ነዳጅ ስጫት! ነዳጅ!" እያለ ይጮኻል።

"አንተ ዝም በል" አለ ዳምጤ ከኋላ። ድምፁ ሌላ ነበር፤ የተረጋጋ፣ እነዚያን ሁሉ ልጆች ያስተማረበት ድምፅ። "ወርቅዬ፣ አትቸኩዪ። እሱ ይጩህ፣ መንገዱ የአባቱ አይደለም። የእጅ ፍሬን ያዢ። አስነሺ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ፤ መኪናዋ ልትሄድ ስትል እግርሽ ላይ ትነግርሻለች። አሁን ፍሬኑን ፍቺ።"

ሄደች! ወርቅዬ ካለኝ ደግሞ ስንት ዓመቱ ነው።

ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁል ስንጀምር "ዝም በሉ" አለ እንደገና። "ከነዳጁ ላይ እግርሽን አንሺ።" እኔ ምንም አልሰማሁም። እሱ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መስኮት አስጠግቶ ቆየ። "ከኋላ ታለቃቅሳለች። ዲፈረንሻሏ ነው። የሚሠራ ነገር ነው፣ ኢስሀቅ ያሠራት።" ከዚያ "እኔ ሁልጊዜ ከፊት ስለምቀመጥ ይሄን ድምፅ እንዲህ ጥርት አድርጌ ሰምቼው አላውቅም" አለ። ለእኛ ሳይሆን ለራሱ ነበር።

በራችን ላይ ስንደርስ ሙንታሲር እጁን አፋተገ። "ታዲያ ጋሼ፣ ይመርቁልን እንጂ!"

"ሞተሯን መች አየኋት?"

"እንዴ! ይኸው በሞተሯ አይደል ሄደን የመጣነው?"

"የሞቀ ሞተር ሁሉ ደህና ነው። ሞተር የሚታወቀው ጠዋት ነው፣ ብርድ ላይ አድሮ ሲነሳ። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ልያት።"

"ችግር የለም፣ ይዣት እመጣለሁ።"

"ይዘሃት ስትመጣ ሞቃ አይደል የምትመጣው? ምን ነካህ!" አለ ዳምጤ። "እኔ ኢስሀቅ ግቢ እመጣለሁ። እስክደርስ ማንም ቁልፍ እንዳይነካ።"

እመጣለሁ አለ። ሌሊቱን ያችን ቃል ሳገላብጣት አደርኩ። ጠዋት ይተወዋል ብዬም ፈራሁ።

ስነቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙን ለብሷል፣ ቁልፎቹ ቢዛነፉም። የቀኝ ጫማውን በአንድ እጁ እንደምንም አስሮታል። "አንቺ ሴትዮ፣ ይቺን የግራዋን እሰሪልኝ" አለኝ። "ረፈደ እኮ።"

የኢስሀቅ ግቢ ከእኛ በር አራት የመብራት ምሰሶ ይርቃል። የመጀመሪያው ምሰሶ ጋ ቆሞ ተነፈሰ። ሁለተኛው ጋ ሲደርስ አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመና ሾፌሩ "ጋሼ ዳምጤ፣ ይግቡ ላድርስዎት!" አለ። "ሂድ ወዲያ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለው። ሦስተኛው ጋ ምሰሶውን ተደግፎ ቆየ። ልደግፈው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እንባዬን እንዳያይብኝ ከኋላው ሆኜ ነጠላዬን በፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ደረሰ። እኔ አፈር ልብላ፣ በገዛ እግሩ ደረሰ!

ኢስሀቅና ሙንታሲር ከመኪናዋ አጠገብ ቆመው ጠበቁን። ዳምጤ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ፤ ጤዛው ገና አልደረቀም። "ቀዝቃዛ ናት" አለና ፈገግ አለ። "አስነሺያት።"

ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ ሳል ብላ ጠፋች። ሁለተኛ አዞርኩ፤ ተንገጫገጨች፣ ትንሽ ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ ጸጥ ብላ መሥራት ጀመረች። ዳምጤ ጭሱን አየ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ድምጿን አዳመጠ። ኢስሀቅ ከእኔ በላይ ተጨንቋል።

"ደህና ናት" አለ ዳምጤ በመጨረሻ። "ኢስሀቅ፣ ዲፈረንሻሏን አሠራ፤ ውሉን ቅዳሜ እንጨርሳለን።" ከዚያ ከዘራውን ይዞ በፊቷ በኩል ዞረ። የሾፌሩን በር አላየውም። በቀኝ በኩል የጋቢናውን በር ከፈተ፣ መያዣውን ጨበጠ፣ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ወደ ሰይፉ ንጂ" አለኝ። "ዛሬ ሐሙስ አይደል?"

"ገና መች ገዛናትና?"

"እየሞከርናት ነዋ" አለ፣ ቀበቶውን በደህና እጁ እየሳበ። "አንደኛ ማርሽ አስገቢ።"