ሊቁ ለጋብቻ ያስሳሉት ሥዕል

የፓዱዋው ሊቅ መምህር ታዴዮ ሃምሳ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ሚስት አማራቸው። በእኛ ወግ አስቀድሞ የሚላከው ሥዕል ነው፤ ሴትዮዋ ከወደደችው ሰውየው ይከተላል። የታጨችላቸው የቪቼንሳዋ መበለት እመቤት ኦርሶላ ነበረች። ሥዕሉን የመሳሉ ሥራ እኔ ሠዓሊው ባስቲያኖ ላይ ወደቀ።

አቤት ያየሁት አበሳ! "ራስ ቅል ጨምርበት፤ ሞትን የማስብ ሰው መሆኔን ትወቅ። የጠፋ ሻማም አድርግ፤ የዓለምን ከንቱነት ያሳያል። መጽሐፍም አስይዘኝ" ይሉኛል።

"መምህር፣ ሴትዮዋ እኮ የምትፈልገው ባል ነው" ብል ማን ሰምቶኝ። በንዴት ያሉኝን ሁሉ ሳልኩ። አፍንጫቸውን አሳጥሬ፣ በራ ራሳቸውን ጸጉር አልብሼ፣ እንደ ንጉሥ አኮራኋቸው። እጅግ ደስ አላቸው።

ሥዕሉን ላደርስ ስነሳ ፍርዱን በጆሯቸው ካልሰሙ አላስችል አላቸው። የተሸካሚ ካባ ደርበው፣ ራሳቸውን ራሳቸው ተሸክመው ተከተሉኝ። እመቤት ኦርሶላ ቤት ስንደርስ ከሥዕሉ አጠገብ ቆመው እንኳ ማንም አላወቃቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትንሽ ኮርቼበታለሁ።

እመቤት ኦርሶላ ትኩር ብላ አየች። "ራስ ቅሉ የማን ነው? የፊተኛዋ ሚስቱ?"

"ኧረ አግብተው አያውቁም፣ እመቤቴ።"

"ሻማውስ? በዚህ ዕድሜው እንደሚጠፋ ይገባኛል፤ ግን እንዲህ ተስሎ ይላካል?"

ገረዶቿ በሳቅ ፈረሱ። እሷ ቀጠለች። "ጣቱን መጽሐፉ ውስጥ እንደከተተ ነው። እኔ ሳወራው ልቡ እዚያው ገጽ ላይ ሊቀር ነው ማለት ነው። ፊቱም ተሳሳትኩ ብሎ የሚያውቅ ሰው ፊት አይደለም። ይቅርብኝ፣ ውሰደው።"

ሥዕሉን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ተሸካሚዬ ግን ቱግ አሉ። "እመቤቴ፣ የሻማው ትርጉም እንደዚያ አይደለም!" ብለው የጥንት ሊቃውንትን እየጠሩ ያስረዱ ጀመር። ካባው ወለቀ፣ በራቸው በላብ አበራ፣ አፍንጫቸው ቲማቲም መሰለ። ድንገት የገረዶቹን ፊት ሲያዩ ድምፃቸው ሟሸሸ።

"ሻማውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ባስቲያኖ ተው ብሎኝ ነበር። ብቻዬን ብዙ ስለኖርኩ ሴት ምን ደስ እንደሚላት አላውቅም።"

እመቤት ኦርሶላ ሥዕሉን አየች፤ እሳቸውን አየች። ከዚያ በገዛ እጇ ወንበር ሳበችላቸው።

"አንተ ሠዓሊ፣ ሥዕሉን ይዘህ ሂድ" አለችኝ። "ተሸካሚህን ተውልኝ።"