ከመድረኩ ሥር የመጣው ቃል

«ስሚኝ ኦሪሲያ» አለ የኦፔራ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሆሎቭኮ። «ማታ ከሞስኮ እንግዶች አሉ። የሚዘፈነው በሩሲያኛ ነው። አንዲት የዩክሬንኛ ቃል ካፍሽ ብትወጣ፣ ከነገ ጀምሮ መድረክ የሚባል ነገር እርሺው።»

«በሩሲያኛ አጥንቼው አላውቅም እኮ።»

«ምን ቸገረሽ? ቴክላ ታቀብልሻለች።»

ቴክላ ከመድረኩ ፊት ባለው ጉድጓድ ተቀምጣ ለዘፋኞቹ ቃሉን ቀድማ የምታንሾካሹክ አሮጊት ናት። ከዚያ የወጣውን ቃል ዘፋኞቹ ሳያስቡ ይቀበላሉ፤ የቤቱ ልማድ ነው። ታዲያ ቴክላ ጥላዋን የምትፈራ ሴት ናት፤ ያዘዟትን ነው የምታቀብለው።

ኦሪሲያ በጋራ እርሻ ላም ስታልብ ያደገች ልጅ ናት። እዚህ የደረሰችው በጉሮሮዋ ብቻ ነው። መድረኩን ከቀሟት ምን ይቀራታል? ግን ደግሞ በገዛ አገሯ በዩክሬን፣ በገዛ ቋንቋዋ ልትሸማቀቅ ነው? በጭራሽ!

መጋረጃው ተከፈተ። ቴክላ በሩሲያኛ አቀበለች፤ ኦሪሲያ በዩክሬንኛ ዘፈነች። ቴክላ አሁንም በሩሲያኛ፤ ኦሪሲያ አሁንም በዩክሬንኛ። ፍቅረኛዋን የሚጫወተው ዘፋኝ ላብ አጠመቀው፤ በሩሲያኛ እየመለሰላት በዓይኑ ይለምናታል። ሆሎቭኮ ከመጋረጃ ጀርባ ጡጫውን አሳያት። እሷ ድምፅዋን ጨመረች። አበደች እንዴ? አዎ፣ አበደች፤ እሰይ!

የኅብረ ዝማሬው ተራ ደረሰ። አሁን ያ ሁሉ ሰው በሩሲያኛ ሲያስገመግም እሷ ብቻዋን ልትዋጥ ነው።

ከጉድጓዱ ቃል ወጣ፤ በዩክሬንኛ!

ዘማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ተቀበሉ። ምን እንደዘፈኑ ሲገባቸው አፋቸውን አልዘጉም፤ ይልቅ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ለቀቁት። ያ ላብ ያጠመቀው ዘፋኝም ገባበት። ሆሎቭኮ ወደ ምድር ቤት ሮጦ የጉድጓዱን በር ደበደበ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

መጨረሻ ላይ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጥ፣ ኦሪሲያ እጅ የምትነሳ መስላ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች።

«እትዬ ቴክላ፣ እንዴት ደፈሩ? ሁለታችንንም ያባርሩናል እኮ!»

በሩ አሁንም ይደበደባል። ቴክላ መነጽሯን አወለቀች።

«ያባርሩና! ዘፋኝ ሲረሳ ማስታወስ አይደል እንዴ ሥራዬ?»

«እኔ መቼ ረሳሁ?»

«አንቺን ማን አለሽ ልጄ» አለች ቴክላ ወደ ዘማሪዎቹ እያየች። «እነሱን ነው እንጂ። እኔንም ጭምር።»