ሕዝቡ አይገባውም

ሦስቱም ዳኞች ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ሥዕሉን ሲያዩ እንባ ተናነቃቸው፤ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ጣሉት።

«አንቺ ልጅ፣ ገደልሽን እኮ!» አለ ሊቀመንበሩ። እሱና ሠዓሊዋ በተማሪነታቸው አንድ ዴስክ የተጋሩ ናቸውና ዛሬም የሚጠራት እንደዚያው ነው። አፍንጫው ሸራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «ይሄን ግራጫ ከየት አመጣሽው? እኔ ሃያ ዓመት ፈልጌ ያጣሁትን!»

«ግራጫውን ተወውና፣ ግድግዳውን ሰጣችሁኝ ወይስ አልሰጣችሁኝም?» አለች ሠዓሊዋ።

ዳኞቹ ሥዕል የሚመርጡለት ግድግዳ ከተሰበሰቡበት ክፍል ማዶ ያለው የጤና ጣቢያው የታካሚዎች መጠበቂያ ነው። ታላቅ እህቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቱን ጠዋት ተራ ስትጠብቅ አሳልፋለች። ሥዕሉ ላይ ያለችውም እሷው ናት። የሠዓሊዋ ሥራ ግን ሠዓሊ ባልሆነ ሰው ፊት አንድም ቀን ተሰቅሎ አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ትከሻዋን አቀፈ። «ስሚኝማ፣ ይሄ እኮ የእኛ ነው። አንቺ የሠዓሊዎች ሠዓሊ ነሽ። ሕዝቡ አይገባውም። ለእነሱ አበባ ነገር መርጠንላቸዋል።»

የሠዓሊዎች ሠዓሊ! ሠላሳ ዓመት እንደ ሜዳልያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠሉላት ስም ለካ ማሰሪያ ኖሯል። ማን ጠይቆት ነው ሕዝቡ «አልገባኝም» ያለው? መቼ አሳይተውት? በፍቅር ቆልፈውባት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ያጨበጭቡላታል!

ወለል ለማጽዳት የገባችው ሠራተኛ መወልወያዋን ተደግፋ ሥዕሉን ታይ ነበር።

«ውይ እኚህ እናት!» አለች። «የሌላ ሰው ቁጥር ሲጠራ የሳቸው መስሏቸው ብድግ ብለው፣ አፍረው ሊቀመጡ ነው አይደል፣ እትዬ?»

ሠዓሊዋ ወደ ሠራተኛዋ ዞረች። እህቷ ያደረገችው ልክ ያንኑ ነበር። ግራጫ፣ ግራጫ ሲሉ ያረፈዱት ጌቶች ግን ሴትዮዋ ቁማ ይሁን ተቀምጣ እንኳ አልጠየቁም።

«የኔ እመቤት፣ መዶሻ ይገኛል?»

«ጥበቃው ጋ አይጠፋም።»

ከጥበቃው መዶሻና ሚስማር ተቀብላ፣ ሥዕሉን ተሸክማ ወደ መጠበቂያው ገባች። ሚስማሩን እንደ ጠላት መታችው። ኖራው ጸጉሯ ላይ ረገፈ። አግዳሚው ላይ ያሉት ታካሚዎች ሁሉ ዞሩ። ሊቀመንበሩ እያለከለከ ደረሰ።

«አብደሻል እንዴ? ውሳኔው እኮ ተፈርሟል! አውርጂው!»

«አንተ አውርደው። እነሱ እያዩህ።»

እጁን ዘረጋ፤ ግን እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ከኋላው አንድ አዛውንት የራሳቸውን ተራ ቁጥር በሁለት ጣታቸው እንደያዙ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ልጄ፣ ዓይኔ አላየልኝም፤ ሴትዮዋ የያዘችው ስንት ቁጥር ነው?»

«ቁጥር?» አለ ሊቀመንበሩ። «የምን ቁጥር?»

አግዳሚው ላይ አንዷ ሳቋ አመለጣት።

«ጠዋት ሙሉ ያለቀስክለት ሥዕል እኮ ነው!» አለች ሠዓሊዋ፣ መዶሻውን ሳታስቀምጥ። «ንገራቸው እንጂ!»