ሰባተኛው ዙር

አባቴ ግትር ነው። ሠላሳ ዓመት ከሶዶ ቦዲቲ ሚኒባስ ሲነዳ መንገድ ጠይቆ አያውቅም፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሐኪም አይጠይቅም። ስኳር እንዳለበት የደረስኩበት እኔ ነርሷ ልጁ ነኝ። ኢንሱሊን ከጀመረ ስድስት ወሩ ነው፤ እያንዳንዷን መርፌ በጭቅጭቅ ነው የሚወጋው።

ስለዚህ ለሐምሌ ገብርኤል እንደ ልማዱ ሐይቁን ልዙር ሲለኝ፣ «ያለ እኔም፣ ያለ መርፌም አትሄድም» አልኩት። በየዓመቱ በዚህ ቀን ከሐይቁ ዳር ካለው ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በር ይነሳና ሐይቁን ዞሮ እዚያው በር ይመለሳል። ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ማለዳ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ራሴ ወጋሁት። የተቀቀለ ጎደሬ ሰጠሁትና የእኔን እዚያው በላሁ። እሱ ግን «እየሄድኩ እበላዋለሁ» ብሎ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። ተወግቶ አለመብላት እንደሚገድል ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አመንኩት። ነርስ ሆኜ ማመኔ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ።

ጭጋጉ ውሃውን ሸፍኖት ነበር። ጭቃው ጫማችንን እየያዘ አስቸገረን፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ዳገት በመጣ ቁጥር «ማርሽ ቀይር!» እለዋለሁ፣ እሱም ይስቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከሄድን በኋላ ሳቁ ቀረ። ድካም መሰለኝ።

ከሐይቁ ማዶ፣ እንሰት ከተተከለበት ጓሮ አንዲት ሴት እርጎ በቅል ይዛ ወጣች። ፈጠነች ትባላለች፤ አባቴን በየዓመቱ ሲያልፍ ታውቀዋለች።

«ጋሼ በኃይሉ፣ ዛሬም አትቀምስም?» አለችው። ወደ እኔም ዞራ፣ «አምናም እንቢ፣ ካቻምናም እንቢ። አንድ ቀን ውሃ እንኳ ጠጥታ አታውቅም!» አለች።

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እጄን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ሰደድኩ። ጎደሬው እንዳለ ነው፣ ጫፉ እንኳ አልተነካም።

«አባዬ! ምን አድርገሃል?»

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ተንተባተበበት። በዚያ ብርድ ግንባሩን አልቦታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጣቱን ወጋሁና የስኳር መለኪያውን አየሁ፤ ከሰባ መውረድ የሌለበት አርባ ስምንት ደርሷል። ከቦርሳዬ በወረቀት የጠቀለልኩትን ስኳር አውጥቼ ወደ አፉ ሳስጠጋ ጥርሱን ገጠመ።

«ብላ!»

በአፍንጫው እየተነፈሰ ራሱን ነቀነቀ።

«አባዬ፣ ልትሞት ነው! ይገባሃል? እዚሁ ጭቃ ላይ ልትሞትብኝ ነው!»

ያኔ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየጠፋው ተናገረ። «ባርኮትን ስትወልጂ... ደምሽ አልቆም ሲል። ገብርኤልን... ልጄን ማርልኝ አልኩት። ሰባት ዓመት... ምንም ሳልቀምስ እዞርልሃለሁ አልኩት። ስድስቱን ዞርኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዛሬ ባፈርሰው... ይወስድሻል።»

ልጄ ባርኮት ሰባት ዓመቷ ነው። ያን ሌሊት ያዳኑኝ ሐኪሞቹና ሦስት ከረጢት ደም ናቸው፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። ቀና ብዬ ሳየው ግን ዓይኑ መጨለም ጀምሯል። የሚያስረዱት ሰው አልነበረም። ተናደድኩ፣ ወደድኩትም፣ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ።

«ስለቱ ለእኔ ነው አይደል?» ብዬ ጮህኩበት። «ሰባተኛውን እኔ እዞረዋለሁ!»

«አንቺ... በልተሻል።»

«ነገ! ነገ ከበሩ ጀምሬ፣ ሳልቀምስ!»

«አታምኚበትም።»

ከፋኝ፤ እውነቱን ነው። በሕይወቴ ያልማልኩትን ያኔ ማልኩ። «ባርኮት ትሙት! እዞረዋለሁ።»

ፈጠነች አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ አፉን ከፈተ፣ እንደ ሕፃን።

ስኳሩን ከምላሱ ሥር አደረግሁለት። ሩብ ሰዓት የማያልቅ መሰለኝ። መልኩ ሲመለስለት ጎደሬውን ላጥኩለት፤ እያለቀሰ በላው፣ ፈጠነችም እርጎውን አስከተለችለት። ከሰዓት በኋላ በእሷ ፈረስ ወደ ገብርኤል ተመለስን፤ ማታ ከበሩ አጠገብ ካለች አንዲት ክፍል አደርን።

በማግስቱ ቁርሱን አብልቼ ወጋሁትና፣ ለሰበካው ዘበኛ አደራ ብዬ ብቻዬን ተነሳሁ። ዝናቡ እስከ ረፋድ አላባራም። ያ ድንጋይ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ጉልበቴ ዝሎ ነበር። ተቀመጥኩ። የተረፈው ስኳር ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ፈጠነች ገበያ ወጥታለች፤ ከሐይቁ በቀር የሚያየኝ የለም። አንድ ቁንጥር ብልስ ማን ያውቃል?

ወረቀቱን ፈታሁት። ጣቴን አስጠግቼ ቆየሁ። በስለት የማላምነው እኔ፣ በዚያች ሰዓት የታየኝ የባርኮት ፊት ብቻ ነበር፤ ፈራሁ። አባቴ ይህን ፍርሃት ስድስት ሐምሌ ለብቻው ተሸክሞ፣ ለእኔ አንድ ቀን ሳይተነፍስ ዞሮታል። እኔ ደግሞ ከኋላው ሆኜ «ማርሽ ቀይር» እለው ነበር።

ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩና ተነሳሁ። እስከ በሩ ገና የሦስት ሰዓት መንገድ ይቀራል።